የአባቶች ጠመንጃና የጅማ ክረምት፦ የጥቁር ባሩድ መሣሪያዎችን ከዝገት የመጠበቅ ሥርዓት

ቡና አምራቹ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። እርጥበቱን ሳይጨርስ በጆንያ የታሰረ ቡና ከውጭ ምንም ያህል ቢሸፈን ከውስጥ ይሻግታል። ለዚህም ነው ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ፣ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ እስኪደርስ ድረስ የሚጠበቀው። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ አሮጌ ጠመንጃም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። በውስጡ የቀረው ጨውና እርጥበት ሳይወጣ በዘይት የተቀባ ብረት፣ ላዩ እያብረቀረቀ ሆዱ ይበላል።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡና በሰቃ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ በአደራ የያዘ ሰው ሁለት ጠላቶች አሉበት። አንደኛው ለረጅም ወራት የሚዘልቀው ዝናብና እርጥብ አየር ነው። ሁለተኛው ግን ከብዙዎች የተሰወረ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ድሮ በተተኮሰ ጊዜ በበርሜሉ ውስጥ ትቶት ያለፈው የባሩድ ጨው ነው። ይህ ማብራሪያ የሁለቱን ጠባይ፣ መከላከያውንም ደረጃ በደረጃ ያስረዳል።

የጥቁር ባሩድ መሣሪያ የሚባለው የትኛው ነው?

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ የዓለም ጦር ሁሉ የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነበር። ጭሱ እጅግ ያነሰው አዲሱ ባሩድ በፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲሆን፣ በዚሁ ባሩድ የሚሠራው ለበል ጠመንጃ ደግሞ በ1886 ወጣ። አገራችን ውስጥ ለበን እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ጠመንጃዎች ከሞላ ጎደል የጥቁር ባሩድ ዘመን ልጆች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል በአፈሙዛቸው በኩል ባሩድና አረር የሚጎረሱት የድሮ ነፍጦች ይገኛሉ። በእንግሊዞች የመቅደላ ዘመቻ በ1860 ዓ.ም. የታየው ስናይደር በአማርኛ ስናድር ተብሏል። ረሚንግተን በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከተሸነፈው የግብፅ ጦር በብዛት የተማረከ መሣሪያ ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ግራስ ደግሞ ፈረንሳይኛ ስሙ ፉዚ ግራ በአገሬው አንደበት ተለውጦ ውጅግራ የሆነው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት ከያዛቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከእነዚህ ወገን ነበሩ።

ጅማም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በጅማ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴዎች ከየአቅጣጫው የሚገናኙበት ትልቅ መድረክ ነበር። በምኒልክ ዘመን ወደ ከፋ በተደረገው ዘመቻም የጅማ ጦር ተካፍሏል። ስለዚህ በአካባቢው በአንድ ቤተሰብ እጅ የሚገኝ አሮጌ ብረት እንዲሁ ብረት ብቻ አይደለም፤ የአንድ ዘመን ሰነድ ነው። በበርሜሉ ላይ የተመታው የፋብሪካ ማኅተም፣ የተሠራበት ዓመት፣ አንዳንዴም በሰደፉ ላይ የተቀረጸው የባለቤቱ ምልክት የዚህ ሰነድ ፊደላት ናቸው። ዝገት መጀመሪያ የሚበላውም እነዚህኑ ፊደላት ነው። አንድ ጊዜ ከጠፉ በኋላ መልሶ ማንበብ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ዝገቱ ከየት ይመጣል?

ጥቁር ባሩድ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው። ከመቶው 75 እጅ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት የተባለው ጨው፣ 15 እጅ ያህሉ ከሰል፣ 10 እጅ ያህሉ ደግሞ ድኝ ነው። አዲሱ ባሩድ ሲቃጠል ከሞላ ጎደል ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጥቁሩ ባሩድ ግን ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ነጩ ጥቅጥቅ ያለ ጭስ ይኸው ጠጣር በአየር ላይ ተበትኖ ሲታይ ነው፤ የቀረው በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይለጠፋል።

ዝቃጩ በአብዛኛው የፖታሲየም ጨዎች ስብስብ ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፖታሲየም ካርቦኔት ከአየር ላይ ውሃ የመሳብ ኃይሉ ብርቱ ነው፤ የአየሩ እርጥበት ገና 45 በመቶ ሳይሞላ እንኳ ውሃ ጠጥቶ መቅለጥ ይጀምራል። በዝቃጩ ውስጥ ያሉት የድኝ ውህዶችም ብረትን ያጠቃሉ። በመምቻ ቆብ የሚተኮሱ መሣሪያዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። በብዙዎቹ የድሮ ቆቦች ውስጥ የነበረው ፖታሲየም ክሎሬት ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፤ ይህም ከምግብ ጨው ጋር የቅርብ ዘመድ ሲሆን ብረትን በማዛገት ረገድ ከእርሱ አያንስም።

ከዚህ አንድ ትልቅ መደምደሚያ ይወጣል። ጨው በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። በዝቃጩ ላይ ዘይት የሚያፈስ ሰው ጨውን ከብረቱ ጋር አብሮ ይዘጋበታል። መሣሪያው ለዓመታት ሳይተኮስ፣ በየጊዜው ዘይት እየተቀባ ሳለ ውስጡ ተቦርቡሮ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ብዙ ሰው ብረት ውሃ እንዳይነካው ይፈራል። በጥቁር ባሩድ መሣሪያ ግን ቅደም ተከተሉ ውሃ፣ ከዚያ ፍጹም ድርቀት፣ ከዚያ ቅባት ነው።

የጅማ አየር በብረት ላይ

ንጹሕ ብረት የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲሆን የሚዝገው በጣም በዝግታ ነው። ከዚያ በላይ ሲወጣ ዝገቱ ይፋጠናል። ጨው ያለበት ብረት ግን ከዚያ ባነሰ እርጥበትም ይዝጋል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብም 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። ይህ ሁሉ ለቡና፣ ለማርና ለጫካ በረከት ሲሆን ለብረት ፈተና ነው።

ከዝናቡ ሌላ ጤዛም አለ። ቀን ላይ 25 ዲግሪ የሞቀና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ሌሊት ወደ 17 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ በውስጡ ያለውን ውሃ መሸከም ያቅተዋል። ውሃው በቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለውና ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ ማለዳ ላይ ከጣሪያው ሥር የሚታየው ጠብታ ይኸው ነው። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃም እንደዚያው ቆርቆሮ ይቀዘቅዛል፤ ጤዛው ግን በብረቱና በእንጨቱ መካከል ስለሚገባ አይታይም።

ከሁሉ በፊት፦ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

ጥቁር ባሩድ በደረቅ ሁኔታ እስከተቀመጠ ድረስ ከመቶ ዓመት በኋላም ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የቀረ የመድፍ ጥይት ሲያጸዳ የነበረ አንድ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ጥይቱ ፈንድቶበት ሕይወቱ አልፏል። ጥይቱ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ140 ዓመት በላይ ነበር።

በአፈሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ ጎርሶ መቀመጡ ከውጭ ሲታይ አይለይም። አፈሙዙ ወደ ሰው ወይም ወደ ቤት ሳይዞር፣ ፊትም ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ሳይሆን፣ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ይገባና በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ዘንጉ ወጥቶ ከበርሜሉ ውጭ ጎን ለጎን ይለካል። ዘንጉ እሳት እስከሚገባበት ቀዳዳ ድረስ ከደረሰ በርሜሉ ባዶ ነው። ከዚያ በፊት ጥቂት ጣቶች ያህል ቀርቶት ከቆመ ግን በውስጡ ጉርሻ ሊኖር ይችላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ በራሱ ለማውጣት መሞከር የለበትም። መሣሪያው ባለበት ይቀመጥ፣ ልጆች ይራቁ፣ ለአካባቢው ፖሊስ ይነገር። በኋላው በኩል በሚጎርሱት በስናድር፣ በረሚንግተንና በውጅግራ ደግሞ ማጉረሻው ተከፍቶ ውስጡ በዓይን ይታያል። ዝገት ይዞት የማይከፈት ከሆነ እንደ ጎረሰ ይቆጠር፤ በመዶሻ መምታት ወይም በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ ክልክል ነው።

አሮጌ ጥይት ከመሣሪያው ጋር በአንድ ሣጥን አይቀመጥም፤ አይወለወልም፣ አይፈታም። ለፖሊስ ማስረከብ ይገባል። አሮጌውን መሣሪያ መልሶ ለመተኮስ መሞከርም ለሕይወት ያሰጋል፤ ከውጭ ደኅና የሚመስል በርሜል በውስጡ በዝገት ሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ መሣሪያ መያዝ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመራል፤ ለመያዝም ፈቃድ ያስፈልጋል። መሣሪያው አርጅቷል ወይም አይተኩስም ብሎ ከሕጉ ውጭ ነው ብሎ መገመት ስለማይገባ፣ ባለቤቱ በአቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ የራሱን መሣሪያ ሁኔታ ቢያጣራ ይጠቀማል። ታሪካዊ ዋጋ ያላቸውን ዕቃዎች በተመለከተ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ባለይዞታው የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ የጥገና ሥራ ለመሥራትም አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማኅተም፣ ጽሑፍ ወይም የታወቀ ታሪክ ያለው መሣሪያ ሲኖር መጀመሪያ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማማከር ይበጃል። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ለተራ እንክብካቤ እንጂ ለእድሳት አይደለም።

የባሩዱን ጨው ማውጣት

ይህ ሥራ የሚሠራው በደረቁ ወራት፣ ቡናው በአልጋ ላይ በሚሰጣበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። በእርጥብ ወር የታጠበ ብረት በደንብ ሳይደርቅ ሊዘጋ ይችላል።

ውሃው ንጹሕ ይሁን። ከቆርቆሮ ላይ ሳይሆን በቀጥታ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ወይም የተጣራ ውሃ ይመረጣል። በመኪና መለዋወጫ ሱቆች ለባትሪ መሙያ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ለዚህ ይሆናል፤ ነገር ግን ከጎኑ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ እንዳይሆን ጽሑፉ በጥንቃቄ ይነበብ። በረኪና የነካው ዕቃ ወይም ውሃ ለዚህ ሥራ አይውልም፤ በውስጡ ያለው ክሎሪን ብረትን ያዛጋል።

በርሜሉ ከእንጨቱ በቀላሉ የሚለይ ከሆነ ይለያል። ብሎኑ እምቢ ካለ አይታገሉትም፤ የተሰበረ ብሎን ከዝገት የባሰ ጉዳት ነው። በርሜሉ የማይለይ ሲሆን ውሃው እንጨቱን እንዳይነካ አፈሙዙ ወደ ታች ዘንበል ብሎ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጸዳል።

ጥቂት ለስላሳ ሳሙና በሙቅ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በዘንግ ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ በዚህ ውሃ እየራሰ በርሜሉ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ በወጣ ቁጥር ይቀየራል። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ሥራው አላለቀም። መጀመሪያ ላይ ሊሰማ የሚችለው የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ በዝቃጩ ውስጥ ያለው የድኝ ውህድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ነው፤ ጨው ገና እንዳለ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ሳሙናው በንጹሕ ሙቅ ውሃ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይታጠባል። የመጨረሻው ውሃ በጣም የፈላ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የሞቀ ብረት በራሱ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ከዚያ በጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። በከሰል ምድጃ ላይ ማሞቅ አይገባም፤ ጭሱም ሙቀቱም ይጎዳሉ። በዚህ ጊዜ ወዲያውኑ ስስ ቀይ ዱቄት ብቅ ሊል ይችላል። ይህ አያስደነግጥም፤ በቅባት በራሰ ጨርቅ ሲወለወል ይለቃል።

ቀድሞ የዛገውስ?

ሁለት ዓይነት ዝገት አለ። ቀዩና እንደ ዱቄት በጣት ላይ የሚቀረው ሕያው ዝገት ነው፤ ዛሬም እየበላ ነው። ጥቁሩ ወይም ቡናማው፣ ለስላሳና ከብረቱ ጋር የተዋሐደው ግን የዕድሜ ገጽታ ነው፤ ለብረቱ እንደ ልብስ ያገለግላል፣ የዕድሜውም ምስክር ነው። ተገቢው እንክብካቤ ቀዩን አስቁሞ ጥቁሩን ማቆየት ነው።

ቀዩን ለማስለቀቅ ቀጭን የማዕድን ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ተቀብቶ ለአንድና ለሁለት ቀን ይተዋል፤ ከዚያ በሻካራ የጥጥ ጨርቅ ይታሻል። ነጭ ጋዝ ተቀጣጣይ በመሆኑ ከምድጃ፣ ከሻማና ከኩራዝ ርቆ ይሠራበታል፤ ሥራው ሲያበቃም ተጠርጎ በቅባት ይተካል።

ደግነት መስለው የሚያጠፉ ሥራዎችም አሉ። በብርጭቆ ወረቀት፣ በአሸዋ ወይም በአመድ መፈተግ ማኅተሙን ይፍቃል። ሎሚ፣ ኮምጣጤና ለስላሳ መጠጥ አሲድ ስለሆኑ ዝገቱን ቢያነሱም ጤናማውን ብረት ያቆስላሉ፤ ከታጠቡ በኋላም ዝገቱ በርትቶ ይመለሳል። በፋብሪካ ቀለም መቀባት ደግሞ እርጥበትን ከቀለሙ ሥር ይዘጋል። በጋራዥ አስወልውሎ እንደ አዲስ ማብለጭለጭ መሣሪያውን ውብ የሚያደርገው ለአንድ በጋ ነው፤ የዘመኑን ምስክርነት ግን ለዘላለም ያጠፋል።

ምን ይቀባ?

በየቤቱ ያለውን ቅባት መቀባት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ቅባት አይሆንም። ቅቤና ሞራ ሲቆዩ ይበላሻሉ፤ በዚያን ጊዜ የሚፈጠረው አሲድ ብረትንም ናስንም ያጠቃል፣ አይጥም ይስባል። የኑግና የተልባ ዘይት ደግሞ አየር ሲያገኛቸው እየደረቁ ይሄዳሉ፤ በጊዜ ብዛት እንደ ሙጫ ተጣብቀው ማጉረሻውንና ምላጩን ይይዛሉ። ከመኪና የወጣ ቃጠሎ ዘይት በውስጡ አሲድና እርጥበት ስላለ ከሁሉ የከፋ ነው።

ለረጅም ጊዜ ማቆያ የሚመረጠው የማዕድን ቅባት ነው። መዓዛ ያልተጨመረበት ንጹሕ ቫዝሊን በጅማ መርካቶም ሆነ በማንኛውም የቡና ከተማ ገበያ ይገኛል፤ አይደርቅም፣ አይበላሽም፣ ከብረቱ ላይም በቀላሉ አይፈስም። የዓለም ጦር ሠራዊቶች መሣሪያቸውን ለዓመታት በመጋዘን ሲያኖሩ የሚቀቡት ወፍራም ቅባትም የዚሁ የነዳጅ ቤተሰብ ነው። ስስና ወጥ ሆኖ በጨርቅ ይቀባል፤ በበርሜሉ ውስጥም በዘንግ ይዳረሳል። ስስ የማዕድን ዘይት ደግሞ እንደ ምላጩና ማጠፊያው ላሉ ለሚንቀሳቀሱ ክፍሎች በጠብታ ይበቃል።

ለዕይታ በግድግዳ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ ግን በቅባቱ አቧራ ይሰበስባል። ሙዚየሞች ለዚህ የሚመርጡት ከነዳጅ የሚገኝ ጠጣር ሰም ነው። በጅማ ዞን በገራና በሌሎች የጫካ ወረዳዎች የሚገኘው የንብ ሰም ለእንጨቱ ሰደፍ ይስማማል። በውስጡ ጥቂት የተፈጥሮ አሲድ ስላለ ለብረቱ ግን ተመራጩ ቫዝሊን ነው። ከተቀባ በኋላ ብረቱ በባዶ እጅ አይነካ፤ የጣት ላብ ጨው ነው። ንጹሕ የጥጥ ጓንት ወይም ጨርቅ ይበቃል።

የት ይቀመጥ?

ከወጥ ቤት ምድጃ በላይ መስቀል ደረቅ ቦታ ይመስላል፤ ነገር ግን የእንጨት ጭስ አሲድ አለው፣ ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎትም ይደርሰዋል። በጭቃ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሣሪያ የግድግዳውን ርጥበት ይጠጣል። ስለዚህ ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ፣ ከወለልም ከፍ ብሎ፣ ኮርኒስ ባለው ክፍል ይቀመጥ። ከዚህ በላይ ደግሞ የሚቆለፍና ልጆች የማይደርሱበት መሆን አለበት።

ገበሬው በጎተራ ወይም በመጋዘን ለማስቀመጥ ቢያስብ ጎረቤቱን ይመልከት። ቡና፣ በተለይ ገና ያልደረቀው፣ እርጥበት ይተነፍሳል። ዩሪያና ሌሎች ማዳበሪያዎች ውሃ የሚስቡና ብረትን የሚያጠቁ ነገሮች ናቸው። የምግብ ጨው፣ በረኪና፣ የመኪና ባትሪና የተባይ መድኃኒትም እንዲሁ ናቸው። ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ የለበትም።

የቆዳ አፎት ለጉዞ እንጂ ለማቆያ አይሆንም። ቆዳ የሚለፋባቸው ነገሮች አሲድና ጨው በውስጡ ይተዋሉ፤ እርጥበትም ይይዛል። ስፖንጅ ያለበት ከረጢትና ጋዜጣም ተመሳሳይ ጉዳት ያስከትላሉ። ታጥቦ በደንብ የደረቀ አቡጀዲ ልቅ ሆኖ ቢጠቀለልበት ይሻላል። በአፈሙዙ ጨርቅ መወተፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ውታፉ እርጥበትን ይዞ በርሜሉን ከጫፉ ያበላሻል።

መሣሪያው ጋደም ተደርጎ፣ አፈሙዙ ጥቂት ወደ ታች ዘንበል ቢል ቅባቱ ወደ ሰደፉ እንጨት ወርዶ አያበሰብሰውም። መምቻው ወደ ኋላ ተስቦ መቆየት የለበትም፤ ምንጩ ይደክማል። ሲወርድም በእጅ ተይዞ በቀስታ እንጂ በመልቀቅ አይደለም።

የተሻለ ማድረግ የሚችል ሰው ክዳኑ አየር የማያስገባ ሣጥን ያዘጋጃል። በውስጡ ሲሊካ ጄል የተባለውን እርጥበት መጣጭ ያኖራል፤ በአዲስ ጫማና በኤሌክትሮኒክስ ካርቶን ውስጥ በትንንሽ ከረጢት የሚገኘው ነው። በሙዚየም አሠራር የተለመደው መነሻ ለአንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ርዝመቱ 140፣ ስፋቱ 25፣ ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የጠመንጃ ሣጥን 1.4 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሲጠግብ በ120 ዲግሪ ምድጃ ለጥቂት ሰዓታት ደርቆ መልሶ ያገለግላል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ በሣጥኑ ቢገባ ግምት ይቀራል፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ያለው መጠን ለብረቱም ለእንጨቱም ይስማማል። ከ35 በታች ሲወርድ ሰደፉ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ይታወስ። አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ሳይኖር መዝጋት እርጥቡን ቡና በጆንያ እንደ ማሰር ነው።

የዓመቱ ቁጥጥር

በየካቲት መጨረሻ፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት፣ መሣሪያው ወጥቶ አሮጌው ቅባት ይጠረግና በአዲስ ይተካል፤ ሲሊካ ጄሉም ይደርቃል። በሐምሌ፣ ዝናቡ በበረታበት ወር፣ ሣጥኑ ብዙ ሳይከፈት መለኪያው ብቻ ይታያል። ሣጥን ለሌለው ደግሞ ነጭ ጨርቅ በበርሜሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ያልፋል። ጨርቁ ቀይ ሆኖ ከወጣ ዝገት ጀምሯል፤ ጥቁር ሆኖ ከወጣ የባሩዱ ጨው አላለቀም ማለት ነው፣ በበጋው እንደገና መታጠብ አለበት። በጥቅምት ደግሞ ሰደፉ፣ ብሎኖቹና ብረትና እንጨት የሚገናኙበት መስመር በዓይን ይመረመራሉ።

በየጊዜው የታየው ከቀኑ ጋር በአንድ ደብተር ቢጻፍ፣ ከሁለት አቅጣጫ የተነሣ ፎቶግራፍ ቢጨመርበት፣ ማኅተሙና ቁጥሩ ቢገለበጥ፣ ቤተሰቡም ስለ መሣሪያው የሚያስታውሰው ከአዛውንቶች ተጠይቆ ቢሰፍር ጥቅሙ ብዙ ነው። ብረቱ በሚገባ ቢጠበቅ እንኳ የማን እንደነበረና በየት እንደዋለ የሚናገር ሰው ሲያልፍ ታሪኩ አብሮት ያልፋል። መሣሪያውን ከዝገት የሚጠብቅ እጅ ደብተሩንም ቢጽፍ የሚቀረው ተተኪ ትውልድ የተሟላ አደራ ይረከባል።

ለመጨረሻ ያህል የሥርዓቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ሕጋዊነቱን ማጣራት፣ ጨዉን በውሃ ማውጣት፣ ፈጽሞ ማድረቅ፣ በማዕድን ቅባት ማልበስ፣ ከጭስ፣ ከቆዳና ከማዳበሪያ ማራቅ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ማየት። ከእነዚህ ሁሉ ማድረቁን ያስቀደመ ሰው አይሳሳትም፤ የቡና አገር ሰው ደግሞ ይህን ከማንም በፊት ያውቃል።